ከጠረጴዛው ማዶ

ለውድ እናቴ፣

ሰላምታዬ በዛሬው ጀልባ ተሳፍሮ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? አዲሱ ሐኪም ያዘዘልሽን ክኒን እየዋጥሽ ነው ወይስ እንደለመድሽው መሳቢያ ውስጥ ከተትሽው? እኛ ደህና ነን። ባሌ ቶርበን ከዓሣ መረቡ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ደሴቲቱም ከነነፋሷ አለች።

የምጽፍልሽ ስለ ማክሰኞው ጉድ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት።

የደሴቲቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስገርን ቤት አስተምረዋለሁ ብዬ ስነሣ፣ ልጁን ታበላሺዋለሽ ብለሽኝ ነበር። እንዳንቺ አርባ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲል ያስፈራል። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሒሳቡን ከጎረቤታችን ከጀልባ ሠሪው ከአይናር ጋር ሳንቃ እየለካ ተማረው፤ ክፍልፋይ ላይ እኔን ይበልጠኛል። የባሕሩን መሙላትና መሸሽ በየቀኑ ይመዘግባል። ማንበብ ግን እምቢ አለው። ቤተ መጻሕፍቱ በየወሩ በጀልባ አንድ ሳጥን መጽሐፍ ይልክልናል፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። ያገኘሁት ላቡን ብቻ ነው። ከማዘጋጃ ቤት በዓመት አንዴ የምትመጣው ተቆጣጣሪ ቪቤኬ ደግሞ አምና፣ በሚመጣው ግንቦት ካላነበበ በየቀኑ ባሕር ተሻግሮ ከተማ ይማራል ብላኝ ሄደች። ይህን ከሰማ ጀምሮ አስገር የከተማው ጀልባ ሲመጣ ከቤት አይወጣም።

ማክሰኞ መጣች። የሠራውን ሁሉ ደርድሬ ጠበቅኋት፤ የባሕር መዝገቡን፣ ያደረቃቸውን የባሕር ሣሮች፣ በእጁ የሠራትን ዱካ ሳይቀር። ሁሉንም በጥሞና አየች፣ ዱካዋም ላይ ተቀመጠችባት። ከዚያ ከቦርሳዋ አዲስ መጽሐፍ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችለት። አስገር መጽሐፉን ትቶ እኔን አየኝ።

ቲራን ታውቂያታለሽ፤ አምስት ዓመቷ ነው። እኔና ወንድሟ ስናጠና ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ የተፈጨ ጉበት የተቀባ ጥቁር ዳቦዋን ትበላለች፣ ወይም ትሞነጫጭራለች። ማንበብ ያስተማራት ሰው የለም። ያን ዕለትም ከማዶ ገጹን እያየች፣ ዳቦው አፏን እንደሞላው፣ ቀበሮው ከጉድጓዱ ወጥቶ በረዶውን አሸተተ፣ አለች።

ቪቤኬ ሳቀችና፣ አሃ፣ ይሄን መጽሐፍ በቃልሽ ታውቂዋለሽ ማለት ነው አለቻት። ከየት አባቷ ታውቀዋለች፣ ገና አሁን ከቦርሳ የወጣ ነው። መጽሐፉን ወደ እሷ አዙራ፣ በይ ቀጥዪ ስትላት ቲራ ትኩር ብላ አየችውና፣ ምነው ገለበጥሽው፣ እንደነበረ አድርጊው እንጂ ብላ ተቆጣቻት። ሲመለስላት አንዱን ገጽ፣ ለእሷ የተዘቀዘቀውን፣ አንድ ቃል ሳትስት ወረደችው። እማዬ፣ እኔ አንዱን ላስተምር ስፍጨረጨር ትምህርቱ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ሌላዋ ጋ ገብቶ ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ተአምሩ በዚህ አላበቃም። ቪቤኬ ማን ነው ያስተማረሽ ስትላት ቲራ ወደ ወንድሟ ጠቁማ፣ እሱ ነዋ፣ ደረጃው ሥር ገብተን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያነብልኛል፣ ሲሳሳት እነግረዋለሁ፣ ለእማዬ እንዳትናገሪ ብሎኛል አለች። አስገር እስከ ጆሮው ቀላ።

ቪቤኬ የቡና ስኒዋን ይዛ ተነሣች። እኔ ይህችን ላለቅልቃት፣ አንተ ለእህትህ ቀጥልላት አለችው። እኔንም ነዪ አድርቂልኝ ብላ ጠራችኝ። ጀርባችንን ሰጥተናቸው ቆምን፤ ቧንቧውን ግን አልከፈተችም። ከዚያ የአስገር ድምፅ መጣ። እየተደናቀፈ፣ እየተመለሰ፣ ቲራ ስታርመው እሺ በቃ ዝም በይ እያለ፣ ሁለት ገጽ አነበበ። እኔ ደረቁን ስኒ በፎጣ እያሸሁ አለቀስኩ።

እስከ ጀልባው ሸኘኋት። ሌላ ዓመት ፈቅጃለሁ፣ ብቻ ሲያነብ አጠገቡ እንዳትቀመጪ፣ ፊትሽ ያስፈራዋል አለችኝ። ሳቅሁ፣ ግን ገባኝ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። በሰባት ዓመቴ ከክፍልሽ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች መምህርት እያልኩ ስጠራሽ፣ ጣትሽ መስመሩ ላይ ሲቆም ፊደሎቹ ሁሉ ይጠፉብኝ ነበር። አስገርን ቤት ያስቀረሁት እንዲያ እንዳይሆን ነበር። ይህን ላሳዝንሽ ብዬ አልጻፍኩም። አንቺም መልካሙን ነበር የፈለግሽልኝ፤ እኔም ለእሱ እንደዚያው።

ሐምሌ ላይ ነዪ። አስገር ለአያቴ አነብላታለሁ ብሏል፤ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ነው ያለኝ። ሲጀምር መስኮቱ ጋ ቆመሽ ባሕሩን እዪ። እስኪጨርስ እንዳትዞሪ። እኔም ከጎንሽ እቆማለሁ።

ጤናውን ያብዛልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ