ማርጌድ ያልጻፈችው ስም

ለምወድህ ወንድሜ ኤምሪስ፣

የአውስትራሊያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ከዌልስ ዝናባችን ጋር ደህና ነኝ፤ ሳሉም ትንሽ ነው።

የቅድመ አያታችንን የማርጌድን መቃብር ፍለጋ ከጎረቤቴ ከጌቲን ጋር ኮረብታው ላይ ወዳለው በኮሌራ የሞቱት ወደተቀበሩበት መቃብር ወጣሁ። አምስት ጊዜ አርፌ ደረስኩ። ጌቲን፣ «ሴትዮ፣ የሞተ ሰው አይሮጥብሽም፤ ቀስ በይ!» እያለ ቀለደብኝ። ስሟ ያለበት ድንጋይ ግን አጣን።

ቤት ገብቼ የልደታችንም የሞታችንም ቀን የሚጻፍበትን የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። በ1849 ነሐሴ መጀመሪያ ባሏን፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆቿን ጽፋለች። ፊደሏ አልተንቀጠቀጠም። የራሷ ሞት ግን የለም። ለካስ ጸሐፊዋ እሷው ነበረች! የተረፈው አያታችን ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፤ ማን ይጻፍላት? ይህን እስከ ዛሬ አለማሰቤ አናደደኝ። ስሟን አሁን አስገብቻለሁ።

ሐሙስ ካርዲፍ ከተማ ሐኪሙ ጋ እመለሳለሁ። መጽሐፉን በፖስታ ልኬልሃለሁ፤ ለምን አትበለኝ፣ እዚህ እርጥበት ይበላዋል። ከስሜ ጎን፣ ከልደቴ ቀን ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ አልነካሁትም። ያንተ ጽሑፍ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ እባክህ ከወዲሁ ተለማመድ።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ደህና ሁኑልኝ።

እህትህ ኤሉኔድ