በሽተኛው ቅጠል

ሰኔ 6

ፀጉር ቤቱን ዘግቼ በጊዜ ገባሁ። ከመስኮቱ ስር የተከልኩት ዥንጉርጉር ቅጠል መሬት ለመሬት መሳብ ጀምሯል... መሃሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ነጭ። ሲያምር! አማቴ ግን እኛ ጋ ሊኖሩ ከመጡ ወዲህ ዓይናቸው እዚያች መሬት ላይ ነው። "ጎመን የሚያበቅል አፈር በማይበላ ቅጠል ይያዛል?"

ባለቤቴ ዳኛ ሆነች። የክረምቱ ዝናብ እስኪያባራ ቅጠሉ መሬቱን ከሸፈነው የእኔ፣ ካልሸፈነው የእናቷ። ለእናቷ የምታዳላ ዳኛ... ይግባኝስ ለማን ይባላል?

ሰኔ 19

ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይላሉ። ቅጠል ግን ይለውጣል! አንዳንዱ ቀንበጥ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ካልቆረጡት ፈርጥሞ ነጩን ይውጠዋል። በመቀሴ እየለቀምኩ ሳስተካክለው አማቴ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

"ጤነኛውን እየቆረጥክ በሽተኛውን ታሳድጋለህ?"

"በሽታ አይደለም እማማ፣ መልኩ ነው።"

የቆረጥኩትን አንስተው አገላብጠው አዩት። የአማት እይታ ደግሞ አያስተኛም።

ሐምሌ 3

ጉድ ፈላ! ነጭ ጠርዝ ያለው አንድም የለም። የቀረው አረንጓዴው ብቻ። በግ የለን፣ ዶሮ የለን... ማን በላው? ቁርስ ላይ የአማቴን ጥፍር አየሁ። አፈር! ለጎመናቸው ብለው ነው። ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ!

ሐምሌ 4

ምሳ ላይ ለባለቤቴ የማወራ መስዬ፣ ጮክ ብዬ፦ "የዚያ ቅጠል ውሃ እጇን የነካት ሴት ጢም ታበቅላለች። ስንቷን ላጭቻለሁ!"

ባለቤቴ ጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። የአማቴ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

ሐምሌ 7

መስታወቱ ከእጃቸው አልወርድ ብሎ ሰነበተ። ዛሬ ፀጉር ቤት ድረስ መጡ! ወንበሩ ላይ ወጥተው ቁጭ።

"ልጄ፣ እስቲ አገጬን እየው።"

ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርጌ እንደ ሐኪም መረመርኩ። ሳቄን በጥርሴ ነክሼ።

"ቅጠሉን ነክተዋል እንዴ?"

"ነቀልኩት። ምን ላድርግ? ጤነኛውን ስትቆርጥ ሳይህ ዓይንህ የደከመ መሰለኝ። ዓይኑ ደክሟል ከተባለ ማን ጭንቅላቱን ይሰጥሃል? ለልጄም አልነገርኳት። በሽተኛው ከወጣለት ጤነኛው ቶሎ ይሸፍንለታል ብዬ ነው።"

እንዲሸፍንልኝ? እኔ እንዳሸንፍ?... አፈርኩ። ክፉኛ አፈርኩ። ጢሙ ውሸት መሆኑን ነገርኳቸው። በፎጣው ጀርባዬን አቀመሱኝ። ያውም ደንበኛ ፊት!

"የነቀሉትንስ የት ጣሉት?"

"ልብስ ማጠቢያው ኋላ።"

ማምሻውን ሄጄ አየሁ። እርጥቡ አፈር ላይ ሥር ሰዷል። ነጭ ጠርዙ እንዳለ...

መስከረም 8

ዝናቡ አባራ። ከመስኮቱ ስር ያለው መሬት በአረንጓዴው ቅጠል ድፍን ብሏል። ዳኛዋ ሳትወድ በግድ ፈረደችልኝ። ልብስ ማጠቢያው ኋላ የበቀለው ዥንጉርጉር ግን የአማቴ ሆኗል። መቀሴን ወስደው አረንጓዴውን ቀንበጥ ይለቅማሉ። ጎረቤት "ምን ነካው?" ስትል፣ "በሽታ አይደለም፣ መልኩ ነው!" ሲሉ ሰማኋቸው። የእኔን ቃል!

ከሰዓት ከመስኮቱ ስር ጎንበስ ብዬ ባይ... በአረንጓዴው መሃል ሌላ አረንጓዴ። ሰፋ ሰፋ ያለ። ጎመን! ያውም በመስመር።

አማቴ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ እሱን ደግሞ በሽታ መስሎህ እንዳትነቅለው።"

አልነቀልኩትም። ውሃ አጠጣሁት።