ለካፊያ ሥራ አይቆምም

ኦክቶበር 3
ካፊያ። የዝናብ መለኪያው አንድ ሚሊ ሜትር ይላል፣ ያውም ሳይሞላ። ጎመኑን ኮተኮትኩ። ከሰዓት ወንድሜ ክሊፈርድ ዘንድ ሄድኩ። ሳንባው ብሶበታል፤ ሚስቱ ዶሪን ትራስ ደራርባ አስቀምጣዋለች።
"ይቺ ካፊያ ናት የጨረሰችኝ" አለ፣ መስኮቱን እያየ።
"ካፊያ ሰው አይጨርስም። የሚያበሰብስ ዶፍ ነው።"
"ዶፍ ሲጥልማ የበግ በረት ታስገባን ነበር! በካፊያ ግን... ምን ትል ነበር፣ ካቦው?"
ምን እል እንደነበር ያውቃል። የድንጋይ ካብ አብረን ስንክብ፣ እኔ ካቦ ሆኜ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ለካፊያ ሥራ አይቆምም ብያለሁ። ታዲያ? ካፊያ በማይጠፋበት በዮርክሻየር ኮረብታ ለካፊያ ቢቆም አንድ ካብ መቼ ያልቃል?
"አንዴ፣ አንዴ ብቻ ተሳስቻለሁ በለኝ።"
"መለኪያው አልተሳሳተም።"
"እንግዲያው እሱን ወንድም አድርገው!" ሳል አቋረጠው። ዶሪን በሩን ከፈተችልኝ። እንድወጣ።

ኦክቶበር 8
ዶፍ። ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር። የድሮ የሥራ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ደረቁን መዝኜዋለሁ፣ ሁለት ኪሎ። ልክ እንደ ሥራ ቀን ነው ያደረግኩት... ሲጀምር ሮጬ በረት ገባሁ፣ ሩጫ ከተባለ። ስመለስ ሁለት ኪሎ ተኩል።
ካፊያ ከዚህም ያነሰ እንደሚያረጥብ ለክሊፈርድ አሳየዋለሁ።

ኦክቶበር 12
ካፊያ። ላይኛው ማሳ ላይ የፈረሰ ካብ ነበር። ከጠዋት እስከ ምሳ እሱን ስክብ ቆየሁ። መለኪያው ሁለት ሚሊ ሜትር። ኮቱ አራት ኪሎ።
ደግሜ መዘንኩት። ሚዛኑን ባልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር ከረጢት ፈተንኩት። ልክ ነው። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ኦክቶበር 13
ልንገረው? የአንድ ቀን ልኬት ማስረጃ አይሆንም። ካፊያው ሲመለስ ደግሜ እመዝናለሁ፣ ከዚያ...

ኦክቶበር 16
ፀሐይ። ዛሬም ፀሐይ።

ኦክቶበር 17
ዶሪን ደወለች። ጠዋት አረፈ።
"ሰሞኑን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር" አለች። ስልኩን ዘጋችው።

ኦክቶበር 21
ቀበርነው። መለኪያውን አላየሁም።
ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ሁለት ቆፋሪዎች አፈሩን ይመልሳሉ። ካፊያ ነው፤ ጀርባቸው ርሶ ጠቁሯል።
"ተዉት። ግቡና ተጠለሉ" አልኳቸው።
ከቆፋሪዎቹ ትልቁ አካፋውን ሳያቆም ሳቀ።
"ካፊያ እኮ ነው፣ አባባ። ለካፊያ ሥራ ይቆማል እንዴ?"