ሜፕልዉድ አድርሰኝ

…ያ ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ስሙን ልጽፍልህ ስል ጠፋኝ። ለመሆኑ ወንድሜ ዋለ፣ ከነልጆችህ እንደምን ከረምክ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ልጄ ኤርሚ በመርከብ ሲያዞረኝ ኮቺ ወረድን፤ የአስተማሪያችን አገር። ገበያው ቅመም፣ ዓሣና ጡሩምባ ነው። ኤርሚ ውኃ ሊገዛ ዞር ሲል ባጃጅ ውስጥ ገብቼ “ሜፕልዉድ አድርሰኝ” አልኩ። ምስኪን ሾፌር፣ ጓደኞቹን ሁሉ ጠየቀልኝ።

ኤርሚ ደርሶ “እማዬ፣ ሜፕልዉድ ያለው ቤታችን እኮ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው!” አለኝ።

“ስቀልድ ነው” አልኩት። እጄን እስከ መርከቡ አልለቀቀም።

ከተመለስን ወዲህ ድራይቭ አላደርግም፤ ቁልፌን እሱ ያዘው። በረዶው ስለበዛ ነው።

ይህን ለእህታችን አታንብብላት። የአስተማሪያችንን ስም ግን ቶሎ ላክልኝ፤ ኤርሚ “አስታወስሽው?” እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ሰላምታዬ ለቤተሰቡ በሙሉ ይድረስ።

ኤርሚ ወደ ሥራ እየሄደ ነው። “እማዬ፣ እስክመለስ እንዳትወጪ” አለ።

በሩን ዘጋው።

እህትህ የትምወርቅ