ሁለተኛው ቁልፍ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ
ሮላ፣ ዓረብ አገር። ዛሬም ሱቅ ውስጥ ስልክ ስፈታ ዋልኩ። ባትሪ፣ ስክሪን፣ ባትሪ...
ደሴ ደወልኩ። ራዲዮ ጥገና ያስተማሩኝ ጋሽ እሸቱ አላነሱም። ባለቤታቸው እትዬ ሰርካለም ናቸው ያነሱት። «ጆሮው ደክሟል ልጄ። በብሪጁ መለካት አቃተው። ሱቁን ሊዘጋ ነው።»
ሱቁን? እዚያ እኮ ነው ሰው የሆንኩት።

ኅዳር 3
ያ የኮንደንሰር መለኪያ ብሪጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ማዳመጫ። ኮንደንሰር ሲያገናኙበት ሲጥ ይላል። ቁልፉን ሲያዞሩ ድምፁ ይቀንሳል፤ ጸጥ ሲል ቁጥሩን ማንበብ ነው። ጋሽ እሸቱ ያኔ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ደንበኛው ሁሉ ዝም! እንዴት ናፈቀኝ... እዚህ ዲጂታሉ ወዲያው ቁጥር ይሰጣል። ለምን ብሎ ዝም የሚል አለ?
በጆሮ የሚሰማውን በዓይን እንዲያዩት፣ በማዳመጫው ፈንታ ባለመርፌ ሜትር ያለው አዲስ ብሪጅ ብሠራላቸውስ? የሰፈሬ ልጅ ረሒማ እሑድ ከዚህ ለእረፍት ደሴ ትገባለች፤ ታደርስልኛለች።

ኅዳር 4
ዕቃውን ከዲራ ገበያ ገዛሁ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ
ቢድ ስፔሴ፣ በጋራ ክፍል የተከራየኋት አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ስበይድ ዋልኩ። መርፌው ይወርዳል፣ ዜሮ ግን አይገባም። ሜትሩን ቀየርኩ። ሽቦውን አሳጠርኩ። እምቢ!
ረሒማ ደወለች።
«አለቀ?»
«ሙሽኪላ አለው፤ መርፌው እምቢ ብሎኛል።»
«ዋላሂ ነገ ሻንጣዬን እዘጋለሁ፣ አልጠብቅህም!»

ኅዳር 6
አይ እኔ! ለካ አንዱን ቁልፍ ብቻ ነው የማዞረው። ዲጂታል አሰነፈኝ። ጋሽ እሸቱ በመጀመሪያው ሳምንት የነገሩኝን... «ዘይኔ፣ የኮንደንሰር እምቢታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ትንሽ ታባብላለህ፣ ወደ ሌላው ትሄዳለህ፣ ደግሞ ትመለሳለህ።»
ትንሽ ይሄን፣ ትንሽ ያን... መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ። ብቻዬን ሳቅሁ። እንባዬም መጣ፣ ምን ልዋሽ።
እሷ የምትኖርበት አል ናህዳ ድረስ ሄጄ ለረሒማ ሰጠኋት።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ሥራ ላይ ሳለሁ እትዬ ሰርካለም በቪዲዮ ደወሉ። «ሱቁ አልተዘጋም፤ እይ!» ስልኩን አዞሩልኝ። ጋሽ እሸቱ ሳጥኑ ላይ አጎንብሰዋል። ጠራኋቸው፣ አልሰሙኝም። አንደኛው ቁልፍ፣ ሁለተኛው፣ እንደገና አንደኛው... ከዚያ እጃቸው ተነሳ። ከኋላቸው የቆሙት ደንበኞች ዝም አሉ።
«ያላ፣ ሹግል!» አለኝ የሮላው ባለሱቅ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ ሲል።
እኔም እጄን አነሳሁ። ዝም አለ።