ሊኑክሱን አላጠፋውም

ሰኞ

አላጠፋውም። ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሄራሞ ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ቃሌን አላጥፍም።

የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል የእኔ ነው፤ ቁልፉም ጣጣውም። ባለፈው ክረምት ከአስሩ አሮጌ ላፕቶፖች ዊንዶውስ አጥፍቼ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም የጫንኩባቸው እኔ ነኝ። በየተማሪው ፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ አንገሽግሾኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የሚለማመዱት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ውስጥ የሚነሳ ሌላ ኮምፒውተር። ቢያበላሹት አጥፍቼ አዲስ አስነሳለሁ፤ ማንም አይቆጣ፣ ማንም አያለቅስ።

አሁን የዋይፋይ ትምህርት ደረሰና ጉዴ ፈላ። ቨርቹዋል ማሽኑ ዋይፋይ የሚባል ነገር አያይም። ላፕቶፑ በዋይፋይ ቢገናኝም ለእሱ የሚደርሰው በኬብል የመጣ መስሎ ነው። አቶ ሄራሞ ይህን ሰሙና፣ "እስከ ዓርብ አንድ ተማሪ ከዚያ ውስጥ ሆኖ ዋይፋይ ካላገናኘ፣ አስሩም ወደ ዊንዶውስ ይመለሳሉ" አሉኝ። በንዴት "አለኝ" ብዬ ብጽፍ ማን ያየኛል? እጄ ግን እምቢ አለ።

መፍትሔው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ አዳፕተር ነው። እሱን ከላፕቶፑ ነጥቆ ለቨርቹዋል ማሽኑ መስጠት ይቻላል። ሾኔ ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው የድሮ ክፍል ጓደኛዬ በረከት አንድ አለው። ነገ በሚኒባስ ይልክልኛል።

ማክሰኞ

መናኸሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ተቀበልኩ። አዳፕተሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አዳፕተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ያለበት ፍላሽም አብሮት፣ ከላይ ደግሞ አንድ ኪሎ ቆጮ። በረከት ባዶ እቃ መላክ አይችልበትም። ሹፌሩ "እህቴ፣ የቱ ነው ዋናው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሰካሁት። ቨርቹዋል ማሽኑ ዝርዝር ውስጥ ምንም የለም፤ ባዶ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለካ ሊኑክሱ ውስጥ ዩኤስቢ እንዲነኩ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ቡድን ውስጥ ስሜ አልነበረም! በገዛ ክፍሌ እንግዳ ሆንኩ። ስሜን አስገብቼ፣ ከሲስተሙ ወጥቼ እንደገና ስገባ ታየ።

ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጠሁት። ምን ሆኖ ቢመጣ ጥሩ ነው? ሲዲ ሆኖ። ውስጡ ለዊንዶውስ ብቻ የሚሆን ድራይቨር ያለበት ሲዲ! ተናድጄ ሲዲውን "አውጣ" ስለው ድርግም ብሎ ጠፋ። ከቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ምልክቱም የለም።

ቆጮውን እናቴ በአይብ በላችው። ደስ ብሏታል።

ረቡዕ

ጥፋቱ የድራይቨር ነው ብዬ ተነሳሁ። በረከት የላከው ድራይቨር ጥሬ ኮድ ስለሆነ እዚያው ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ መገንባት አለበት። ጠዋት ግን "መጀመሪያ ሁሉን ላድስ" ብዬ የሞባይል ዳታዬን ጨርሼ ሲስተሙን አደስኩ። ሲስተሙ ወደ አዲስ ከርነል፣ ወደ አዲስ እምብርት ማለት ነው፣ ተሻገረ፣ ለግንባታ የሚያስፈልጉት ፋይሎች የአሮጌው ሆነው ቀሩ፣ ግንባታው በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወደ አሮጌው ከርነል መልሼ አስነሳሁትና በሦስተኛው ሙከራ ተገነባ።

አዳፕተሩ ግን የለም። ድራይቨር አለ፣ የሚነዳው ነገር የለም።

በሻይ ሰዓት አቶ ሄራሞ መምህራኑ ሁሉ ባሉበት "የሊኑክስ ወንጌላዊት መጣች፣ ነፍስ አዳንሽ?" አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዳላለቅስ ብዬ ነው የሳቅኩት። ያናደደኝ ቀልዱ አይደለም። ዊንዶውሱ ሲበላሽ በየሳምንቱ ማታ እየቀረሁ ያስነሳሁት እኔ መሆኔን ማንም አላስታወሰም።

ሐሙስ

አገኘሁት!

ጠዋት ልጆቹን እያየሁ ስማቸው ላይ ምልክት ሳደርግ አንዲት ልጅ ቀሪ ሆነች፤ ለሦስተኛ ቀን። ወንበሩ ሁሉ ግን ሙሉ ነው። ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለም። "ጌጤነሽ ማናት?" ስል ከኋላ ሩት እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እኔ ነኝ። እሱ የቤት ስሜ ነው፣ ሰርተፍኬቴ ላይ ነው ሩት የሆንኩት።" እኛ አገር የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም ለየቅል የሆነበት ልጅ ሞልቷል፤ እኔም ብሆን እናቴ በሀዲይኛ የምትጠራኝን ስም ኮሌጅ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ሩትን በአንዱ ስም መዘገባት፣ እኔ በሌላው አወቅኋት፣ ምስኪን ሦስት ቀን ቀረች ተባለች።

ስሟን እያረምኩ እያለ እጄ ቆመ። አዳፕተሩስ?

ሮጬ የዩኤስቢ ዝርዝሩን አየሁ። ሲሰካ በአንድ መለያ ቁጥር ሲዲ ነኝ ብሎ ይገባል። ሲዲው ሲወጣ በሌላ ቁጥር ዋይፋይ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ለቨርቹዋል ማሽኑ "ይህን ተቀበል" ያልኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ የማያውቀው ሰው ሆነበት፤ ላፕቶፑ ወሰደው። ሁለተኛውን ቁጥር አስመዘገብኩ፣ ነቅዬ ሰካሁ፣ ሲዲውን አወጣሁ። ዋይፋይ! የኮሌጁ ስም፣ የጎረቤት ሱቅ ስም፣ ሁሉም ተደርድሮ።

ጮኽኩ። ልጆቹ አብረውኝ ጮኹ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዓርብ

አቶ ሄራሞ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ልጀምር ስል "አንቺ አትንኪ። ተማሪ ይሥራው" አሉ። ሩትን ጠቆሙ። ትላንት ከማየቷ በስተቀር አንድም ጊዜ በእጇ አልሞከረችም። እጄን ከኋላዬ አቆላልፌ ቆምኩ።

ሰካች። ሲዲው ወጣ። ጠበቀች። ድንገት መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው አለ፣ የኮሌጁ ዋይፋይ ግን አብሮ ሞተ። አቶ ሄራሞ ወደ በሩ መዞር ጀመሩ። በቃ አልኩ በልቤ።

ሩት ቀና ብላ "ጋሼ፣ የእርስዎ ስልክ ዳታ አለው?" አለቻቸው። እኔ አፈርኩ፣ እሷ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። እያጉረመረሙ ዳታቸውን በዋይፋይ ከፈቱላት። የስልካቸው ስም ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ብቅ አለ። ተገናኘች። የትምህርት ሚኒስቴርን ገጽ በእሳቸው ዳታ ከፈተችላቸው።

ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና "ይህ አንድ ነው። የዘጠኙስ አዳፕተር?" አሉ።

"ግዥ ይጠይቁልኛ" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ማለቱን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው።

"እናያለን" ብለው ሄዱ። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ዊንዶውስ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም።

ሩት ላፕቶፑን እየዘጋች "ቲቸር፣ ሰኞ በስንቱ ላፕቶፕ ነው የምንሠራው?" አለችኝ።

"በአስሩም" አልኳት። በምን እንደምንሠራ እግዚአብሔር ይወቅ።