የሜሮን ሁለት ዕድሜ

ሰኞ፣ ጁላይ 6

ዳኞቹ ዓይናቸው ታውሯል። ሌላ የምለው የለኝም። ትናንት በጥሩምባና ከበሮ ውድድሩ ልጆቻችን ያን ያህል ተጫውተው ሦስተኛ! አንደኛ የወጣው ቡድን ምን ሠራ? መጋረጃ ዘረጋ፣ መሰላል ላይ ወጣ፣ ነጭ ቀሚስ አገላበጠ። ጥሩምባው ግን ከሜዳው አልፎ አይሰማም። ድሮ ስህተት እየተቆጠረ ነጥብ ይቀነስ ነበር ትላለች ቡድኑን የምታገለግለው ሊንዳ። ዛሬ ለመጋረጃ ነጥብ ይሰጣል። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

እትዬ አስናቀች፣ ከቸርች አብረውኝ በባስ የሚመለሱት፣ «ያቺ የማርሽ ባንድ ልጅሽ ደኅና ናት?» አሉኝ። ማርሽ ባንድ አይደለም! ስንቴ ልንገራቸው? ድራም ኮር ነው። ክላርኔት የለ፣ ሳክስፎን የለ፣ ጥሩምባና ከበሮ ብቻ። ሰመሩን፣ የእረፍቱን ወራት ሙሉ በአውቶቡስ እየዞሩ፣ የትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ እየተኙ ይወዳደራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ደግሞ በቃህ ይባላል። እትዬ «ምነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ሳን ሆዜ ላይ የራሳችን ሾው ነው። ዘንድሮ ዕድሜያቸው የሚያልቀው ልጆች በየስማቸው እየተጠሩ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳው መሀል ይወጣሉ። የእኔ ሜሮንም አለችበት። ሊንዳ ለሾው ለሚታተመው መጽሔት የሕፃንነት ፎቶዋን አምጪ ብላኛለች።

ማክሰኞ

ደብል ሺፍት። የአረጋውያን ቤቱ ውስጥ አራት አዛውንት አጠብኩ፣ አንዷ ነከሰችኝ። ወገቤ የእኔ አይደለም።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? ዲቪ ሲደርሰኝ ሜሮን ሃያ አንድ አልፏት ነበር። ሃያ አንድ ያለፈ ልጅ ከእናቱ ጋር አይመጣም። አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላት፣ እህት የላት። ለማን ጥያት ልምጣ? ሦስት ዓመት ቀነስኩላት። እንዴት እንደተቀነሰ አልጽፍም። ያላደረገ ሰው ካለ ይውቀሰኝ።

እዚህ ስንደርስ የመግቢያ ፔፐሯ ዕድሜዋን አሥራ ዘጠኝ ይላል። የሳን ሆዜ ልጆች ፓርኪንግ ውስጥ ሲለማመዱ አየችና ቆማ ቀረች። አዲስ አበባ የመዘምራን ከበሮ መቺ ነበረች፣ እጇ ምቱን ያውቀዋል። ወሰዷት። እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ዘንድሮ ፔፐሯ ሃያ አንድ ነው። እኔ የወለድኳት ሜሮን ግን ሃያ አራት ናት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፦ አምና የሌላ ቡድን አንድ ልጅ ዕድሜው አልፏል ተብሎ ሲወራ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ሌቦች!» ያልኩት እኔ ነኝ። ሊንዳ ናት ጎትታ ያስቀመጠችኝ።

ረቡዕ

ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። በባርት ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ ባስ። ለቡድኑ መቶ ምናምን ልጅ ምሳ የሚሠራበት መኪና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። ባቄላው ውስጥ ትንሽ በርበሬ ጣል አድርጌበታለሁ፣ ማንም አላወቀብኝም፣ ሁለቴ አስጨምረው በሉ።

ባስ ድራሞቹ፣ ትልልቅ ከበሮ መቺዎቹ፣ ሲለማመዱ በመስኮት አየሁ። አምስት ናቸው፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ ሜሮን መሀለኛዋ ናት። አንድ ሰው ሙሉውን ምት አይመታም። አንዱ አንዴ፣ ቀጣዩ አንዴ፣ እንዲያ እየተቀባበሉ ይወርዳሉ፣ ስትሰሚው ግን የአንድ ሰው እጅ ነው የሚመስለው። እኔ ከዓለም ሙዚቃ ሁሉ ይሄን እወዳለሁ። ዳኞቹ አይሰሙትም።

ከዚያ ፎቶው። በገዛ አፌ፣ በገዛ አፌ!

ሊንዳ የሁሉንም ልጆች ፔፐር የምትይዘው እሷ ናት። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ነጥብ አያያዝ ያስተማረችኝም እሷ። ፎቶውን «ኦ!» ብላ ሳመችው። ገለበጠችው። አባቷ በእስክሪፕቶ «ሜሮን፣ በወሯ፣ ኅዳር 1966» ብሎ ጽፎበታል። ፊደሉን አታነብም፣ ቁጥሩን ግን ታነባለች። «ስልሳ ስድስት? ሜሮን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው እንዴ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሞኟ! «የእኛ አቆጣጠር ሌላ ነው፣ ሰባት ዓመት ትጨምሪበታለሽ፣ ከጃንዋሪ ወዲህ ከሆነ ደግሞ ስምንት» ብዬ በኩራት አስረዳኋት።

«ሰባ ሦስት» አለች። ሳቋ ቆመ።

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ዓርብ የልጆቹን ስምና የትውልድ ቀን የያዘውን ሊስት ሳይን የምታደርገው እሷ ናት። ከተሳሳተ ቡድኑ በሙሉ ይሰረዛል። «የደመርኩት ስህተት ነው በይኝ» አለችኝ። ለምና ነው ያለችኝ።

«ሜሮን አይደለችም» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቅ። «ታላቅ እህቷ ናት። ሞታለች።»

አፌ ቁርጥ ይበልልኝ። ሊንዳ ሽንኩርት በሽንኩርት የሆንኩትን ሴትዮ እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ፎቶውን መልሽልኝ ማለት አልቻልኩም።

ሐሙስ

ሥራ ላይ እያለሁ ስልክ። ነርሷ «ልጅሽ ናት፣ አጭር አድርጊው» አለችኝ። ሜሮን ከጂሙ የሕዝብ ስልክ ነው የደወለችው።

«እማ፣ እህቴ ማን ነበር ስሟ?»

ነርሷ እንዳትሰማ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«ሊንዳ እጄን ይዛ አልቅሳልኝ ሄደች። ስሟን ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት። የእህቴን ስም አላውቅም አልኳት፣ እማ!»

ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶው፣ ቁጥሩ፣ ሰባት ጨምሪ ያልኩት። ለካ ስጨርስ ቆሜ አይደለም፣ ፎጣ ክምሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ከኋላዋ ልጆቹ ሲስቁ ይሰማኛል።

«የሞትኩት እኔ ነኛ» አለች። ከዚያ ሳንቲሟ አለቀ።

ዓርብ



በምሳ ሰዓት ሜሮን ኮል አድርጋ ወሰንኩ አለችኝ። እጄን ወለም ብሎኛል ብላ ለኃላፊው ነግራዋለች። በፋሻ አስጠቅልላዋለች፣ ምንም ያልሆነ እጇን። ከሊስቱ ወጥታለች። «ሊንዳ በእኔ ውሸት ላይ ስሟን አትጽፍም» አለች። አበድኩባት። ሁለት ዓመት የለፋሽበትን! አንድ ሾው፣ አንዲት ቀን ዝም ብትይ ምን ይቆርጥሻል? ማን ያውቃል?

«እኔ አውቃለሁ። ከዚህ በፊትም አውቅ ነበር። በጣም ስለምወደው ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ሰው ስትገድይ ግን አስጠላኝ» አለችኝ።

ሰው ስትገድይ። ለእናቷ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። መልሼ ልደውልላት ብል ደግሞ የሕዝብ ስልክ ነው፣ ቁጥሩን አላውቀው።

ቅዳሜ

ከሾው በኋላ በባርት ላይ እየጻፍኩ ነው። ሜሮን አጠገቤ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ተኝታለች። ወይም የተኛች መስላለች።

ዩኒፎርም ከለበሰችው ልጄ ጋር ሜዳ መሀል ልወጣበት የገዛሁትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። እሷ በቲሸርት፣ እጇ ተጠቅልሎ፣ መቀመጫው ላይ ከጎኔ። ሁለት ዓመት ከታች ሜዳው ላይ ነበር የማያት።

ቡድናችን ገባ። ጥሩምባዎቹ እንደዚያ ሲነፉ ሰምቼ አላውቅም፣ ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልልታዬ ሜዳውን ያደባልቀው ነበር። ከዚያ ባስ ድራሞቹ። አንድ፣ ሁለት፣ ባዶ፣ አራት፣ አምስት። አንድ፣ ሁለት፣ ባዶ። በሁለት ቀን ውስጥ ማን ሊሞላላቸው? ዳኞቹ ሰሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት! አራተኛ ወጣን። ዛሬ ዳኞቹን ምንም ማለት አልችልም።

ሜሮን በየባዶው በደኅና እጇ ጉልበቷን መታ ታደርግ ነበር። እንዳላይ ፊቴን አዞርኩ።

ከሚሰናበቱት ልጆች ጋር ስሟ ሲጠራ አልወጣም አለች። «ዕድሜዬ ያለቀው ዛሬ አይደለም» ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹ እናቶች አበባ ተቀበሉ።

ሰው ሲበተን ሊንዳ ወደ እኛ ወጣች። መጽሔቷን ሰጠችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሜሮን ከበሮዋን ይዛ ትስቃለች። ከታች ያ የሕፃን ፎቶ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፦ ለሜሮን ታላቅ እህት መታሰቢያ።

ስንት ሰው እጅ እንደገባ አላውቅም። በየቤቱ ተሰራጭቷል። ልጄን ገድዬ በጽሑፍ አወጣሁት። ሜሮን አይታው ገጹን በዝግታ አጠፈችና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። ትናደዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አለመናደዷ ነው የባሰው።

እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። እትዬ አስናቀች ደወሉ፣ አሞኛል አልኳቸው። ሌላ ውሸት።

ሜሮን እስከ ስድስት ሰዓት ተኛች። በጠዋት ተነሥታ የኩሽናውን ጠረጴዛ በከበሮ ዱላዋ ስትቀጠቅጥ እጮህባት ነበር፣ ዛሬ ቤቱ ጭር ብሎ ጆሮዬን አመመኝ። ስትነሣ እንቁላል ጠበስኩላት። ፋሻውን ፈትታዋለች። በላች። እኔ ይቅርታ ማለት አቃተኝ፣ ጨው ልጨምርልሽ ወይ እያልኩ ዞርኩ።

በመጨረሻ «ሜሪዬ፣ ፈርቼ ነው» አልኳት። «ፔፐርሽን ይነጥቁሻል ብዬ ነው። አንቺን አጥቼ እዚህ አገር ምን ልሠራ?»

«አውቃለሁ፣ እማ» አለች። የመጀመሪያዋ ደኅና ቃል ነበረች።

ከዚያ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፦ «ኦክቶበር ላይ ልደቴን እናክብር። ሊንዳን እጠራታለሁ። እህት የለኝም፣ የሞተ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ ልላት ነው።»

«አብደሻል? ብትናገርብንስ?»

«ኢሚግሬሽን አይደለችም፣ ሊንዳ ናት። ለሌለች ልጅ አልቅሳለች እኮ። እስከ መቼ ታልቅስ?»

ሳህኖቹን ሳጥብ ቆየሁ። ሊንዳ ደግ ናት፣ ግን ያን ቀን ፎቶውን ይዛ እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም። ትምረን ይሆናል። አትምረንም ይሆናል። ሜሮን ግን ከወሰነች ወሰነች፣ ይሄን ከእኔ ነው የወረሰችው።

ኦክቶበር ሦስት ወር ይቀረዋል። ሃያ ሁለት ሻማ ልግዛ ወይስ ሃያ አምስት፣ ገና አላውቅም።